ከሮም ሁለት ሰዓት ከሩብ

ዴንሃግ፣ የካቲት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ይመኙሻል፣

ከወሬው ሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ከርመሻል? የሮም ብርድ እንዴት ይዞሻል? አሠሪሽ ሲኞራዋስ፣ ልጆቿስ፣ ያ የሚናከሰው ውሻስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሳንጽፍልሽ ከወር በላይ በማለፉ ይቅር በይን። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ጋሼ ማንዴ ደግሞ ስኬቨኒንገን ወደብ ሥራ በዝቶበታል። ዓሣ የሚያራግፉት ሳይነጋ ስለሆነ በመጀመሪያው ትራም ይሄዳል፤ ሲመለስ ደክሞት ይተኛል። ሰላም በልልኝ ብሏል።

ጂኦግራፊ ከአሥር ስምንት አገኘሁ። የደች ቋንቋ ስድስት ነው፤ እሱም ማለፊያ ነው። እዚህ በረዶ ወርዷል። የሰፈሩ ልጆች ከቆሻሻ ገንዳ ክዳን መንሸራተቻ ሠርተው መንገዱን ሁሉ መስታወት አስመስለውታል፤ ወይዘሮ ብዙወርቅ ወደሚሠሩበት የአረጋውያን ቤት ሲሄዱ አጥር አጥሩን ይዘው ነው። ክፍሉን ከማከራየት አልፈው እናታችን ሆነዋል፤ እሳቸውም ጎረቤታችን ጋሽ ገብረሥላሴም እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሻል።

መውጫ መግቢያሽን መላእክት ይጠብቁልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ዓምደሚካኤል


ያው ቀን፣ በሒሳብ ደብተር ጀርባ የተጻፈ፤ ያልተላከ

እትዬ፣

ጋሼ ማንዴ ሞቷል። ጥር 20 ቀን እሑድ ጠዋት ሞተ፤ ማክሰኞ ቀበርነው። ዘጠኝ ቀን ታሞ ነበር። የሳንባ ምች ነው አሉ።

ከላይ የጻፍኩልሽ ስለ ትራሙና ስለ ዓሣው ሁሉ ድሮ የነበረ ነው። እንደ ወትሮህ ጻፍ ስላሉኝ ጻፍኩ። መጀመሪያ እውነቱን ጽፌ ፖስታውን ስዘጋ ወይዘሮ ብዙወርቅ አዩኝና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ከዚያ ጋሽ ገብረሥላሴን ጠሩ። ጋሽ ገብረሥላሴ ቢሮ ጠርገው እየመጡ ስለነበር ቱታቸውን እንደለበሱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መርዶ በቴምብር ይሄዳል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ታዲያ እንዴት ይሂድ?»

«ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩቶ፣ ግራ ቀኟን ይዞ ነው የሚነግራት። ብቻዋን ብታነበው ማን ይይዛታል? እናታችሁ ብትኖር ለእናታችሁ እንደዚያ ይደረግ ነበር። ለእናንተ እናት እሷ ናት።»

ልክ ናቸው። አንቺ ነሽ ያሳደግሽን። ግን ማን ይምጣ? የእኔ ወረቀት ገና አልተወሰነም፤ የጋሽ ገብረሥላሴም እንደዚያው፤ ወይዘሮ ብዙወርቅም ድንበር የሚያሻግር ነገር የላቸውም። ከአምስተርዳም ሮም በአየር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል። ይህን ለምን እንደማውቀው አሁን አልጽፍም።

ትምህርት ቤት የቀረሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የጂኦግራፊው ስምንት እውነት ነው።


ሮም፣ መጋቢት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለዓምዴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? አንተን ያቆየልኝ፣ ማንዴንም ከባሕር ብርድ የጋረደልኝ አምላክ ስሙ ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ። ውሻውም ደህና ነው፤ ከእኔ የተሻለ ይበላል። ሲኞራዋ ትናንት ለእሱ ጉበት አስጠብሳኝ እኔ ቆሜ አየሁት።

ስምንት ከአሥር! ለእነ ውድነሽ ሁሉ አውርቻለሁ። ስድስቷን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ማንዴን ግን ታዝቤዋለሁ። «ሰላም በልልኝ» ይላል እንዴ የእናት ልጅ? እጁ ተቆረጠ? በየወሩ ሁለት ገጽ ሙሉ የሚቀልድብኝ ልጅ ዛሬ ሰላምታውን በሰው ይልካል? ሁለት መስመር ይጻፍልኝ በለው። ከፈለገ ስድብ ይሁን። የሆላንድ ሴት አግኝቶ ከሆነም ንገረኝ፤ አልቆጣም። ትንሽ ነው የምቆጣው።

ለገና እመጣለሁ ብዬ ያወጣሁት የሦስት ወር ቪዛ ሳልሠራበት ባለፈው ሳምንት አለቀ። ሲኞራዋ እንግዳ አለብን አለችኝ፤ ማንዴ ደግሞ በብርድ አትምጪ፣ በጋ ላይ ነይ አለኝ። ተባብረው አስቀሩኝ። አሁን እንደ አዲስ መሰለፍ ነው። እኔ ደግሞ የራሴ ጊዜ ያለኝ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ከሰዓት ነው፤ ኤምባሲው ሐሙስ ከሰዓት ዝግ ነው። ተመልከት እንግዲህ።

ሹራብህን ሳታወልቅ ተኛ። የማንዴን ጽሑፍ እጠብቃለሁ።

በጸሎቷ የማትረሳህ እህትህ
ይመኙሻል


ዴንሃግ፣ መጋቢት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ይመኙሻል፣

በጾሙ ብርታቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶን ሁላችንም ሳቅን፤ በተለይ የጉበቱ ነገር።

ጋሼ ማንዴ ያልጻፈልሽ ወዶ አይደለም። የዓሣ ሳጥን ወድቆበት ቀኝ እጁ ተጎድቷል። በፋሻ ታስሯል። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ እንዳይጽፍበት አዞታል። የሚያሰጋ አይደለም፤ አታስቢ። የሆላንድ ሴት የለችም ብሏል።

እኔ ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው። በሰላም ለትንሣኤው ያድርሰን።

ወንድምሽ ዓምደሚካኤል


ያው ቀን፤ ያልተላከ

እጁ ላይ ሳጥን የጣልኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉን አስመስዬ ሁለት መስመር ልጻፍልሽ ብዬ ነበር። ጋሽ ገብረሥላሴ በጣም ተቆጡ። «ዝም ማለት ሌላ ነው፤ የሞተ ሰው እጅ ይዞ መጻፍ ሌላ ነው» አሉ። ስለዚህ እጁን ጎዳሁት።

ትናንት ከቴሌፎን ቤቱ ሮም ደውለው ከወይዘሮ ውድነሽ ጋር ተነጋገሩ። እዚያው ይንገሩሽ ብለው ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር የወይዘሮ ውድነሽንም ድምፅ ከውስጥ እሰማ ነበር፤ ሁለቱም ይጮሁ ነበር።

«ጎህ ሲቀድ እሷ የሰው ቤት ናት! አምስተኛ ፎቅ! በሩ ላይ ፖርቲዬሬ ቁጭ ብሏል፤ ስምንት ሴት ከነነጠላዋ ያስገባል?»

«ሐሙስ ከሰዓትስ?»

«ሐሙስ ከሰዓት ነግረናት ማታ እራት ታቅርብ እንዴ፣ ጋሽ ገብረሥላሴ? ሾርባ ይዛ በእንግዳ መሃል ትዙር? ነውር አይደለም? ሦስት ቀን እንኳ የምታለቅስበት ፈቃድ ታግኝና ያን ጊዜ።»

«መቼ ታገኛለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲኞራዋን ጠይቁ።»

ጋሽ ገብረሥላሴ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ሳንቲሙ የሚመለስበትን ቀዳዳ በጣታቸው ሲፈትሹ ቆዩ። ምንም አልተመለሰም።

ይኸውልሽ፣ ሮም ያሉት ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። እሑድ እሑድ አብረውሽ ይቀመጣሉ። ስምንት ከአሥር ማግኘቴን ስትነግሪያቸው ጎበዝ ነው እያሉሽ ነው።


ሮም፣ ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሞቼ ለማንዴና ለዓምዴ፣

በቸር ያገናኘን። በዓሉን እንዴት ዋላችሁ? እኔ እሑድ ከሰዓት ከእነ ውድነሽ ጋር ነበርኩ። ሰሞኑን እነዚህ ሴቶች ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ከዚህ ብዪ ከዚያ ብዪ እያሉ ያጨናንቁኛል። ሳይነግሩኝ ለሰው ሊድሩኝ ነው መሰለኝ።

ማንዴ፣ እጅህ ሦስት ወር ሙሉ ምን ሆነ? አሁንስ ፈራሁ። እምነት በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እሸው። በግራ እጅህ ሞክር። የሕፃን ጽሑፍ ቢመስልም ግድ የለኝም።

ጫማም ልኬያለሁ። ቡናማ ነው፣ የጣሊያን ቆዳ፣ ቁጥሩ አርባ ሦስት። ልኩ መሆኑን ዓምዴ ጻፍልኝ። አደራ፣ ለወደብ ሥራ አያድርገው! ለእሑድ ነው።

አንድ ፎቶግራፍም ላኩልኝ፤ ሁለታችሁ የቆማችሁበት።

እህታችሁ ይመኙሻል


ዴንሃግ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

ጫማው ደርሷል። ልኩ ነው። ጋሼ ማንዴ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል። ፎቶግራፍ የሚያነሳን ሰው ስናገኝ እንልካለን። ክፍል አልፌያለሁ።

ወንድምሽ ዓምደሚካኤል


ያው ቀን፤ ያልተላከ

ደብዳቤዬ እያጠረ መምጣቱን አውቃለሁ። ረጅም ስጽፍ ረጅም መዋሸት አለብኝ።


አንዚዮ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለዓምዴ፣ ለማንዴም፣

ቆመህ ከሆነ ቁጭ በል። ልመጣ ነው!

ቪዛው ወጣ። ሲኞራዋ አንድ ሳምንት ሰጠችኝ፤ በስንት ልመና፣ ያውም ነሐሴን ሙሉ ያለ እረፍት ከሠራሁላት ነው። ትኬቱን ቆርጫለሁ። መስከረም 5፣ ቅዳሜ። ጠዋት ከሮም ተነስቼ ከምሳ በፊት ሺፖል እገባለሁ። ትኬት የምትቆርጠዋን ልጅ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላት፣ «ሁለት ሰዓት ከሩብ» አትለኝም? እኔ ቀኑን ሙሉ የሚበር መስሎኝ ነበር። ገበያ ደርሼ አትክልት መርጬ ለመመለስ የሚፈጅብኝ እኮ ነው! ይህን ያህል ቅርብ ሆናችሁ ነው አራት ዓመት ሳላያችሁ የኖርኩት? ራሴን ሰደብኩ።

ማንዴ ሺፖል ይምጣ። አበባ ምናምን አልፈልግም። ሥራ አለብኝ ቢል አልሰማም፤ አንድ ቀን ዓሣው ራሱ ይውረድ። ኩርፊያ ካለውም እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንጨርሳለን። ከዚያ እኔ አበስላለሁ፣ እሱ ይበላል፣ አንተ ሒሳብህን ትሠራለህ።

እስከ ጳጉሜ መጨረሻ እዚሁ ባሕር ዳር ስለሆንን በዚህኛው አድራሻ ጻፍልኝ። ሮም ብትልከው እዚያ ማንም የለም።

ዓምዴ፣ ቁመትህ የት ደረሰ? እንዳላልፍህ ተጠንቀቅ።

የሁለታችሁ
ይመኙሻል


ዴንሃግ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ እዚህ ማንም አያውቀውም። ቴምብሩን የገዛሁት አምስተርዳም ሄጄ ነው፤ እዚህ ሰፈር ፖስታ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ወይዘሮ ብዙወርቅን ስለሚያውቃቸው። ሞኝነት ነው፣ ግን ፈራሁ።

ጋሼ ማንዴ የለም። ጥር 20 ቀን ሞቷል። ሰባት ወሩ ነው። እጁ አልተጎዳም። ጫማውን አላየውም። የጻፍኩልሽ ሁሉ እኔ ያወጣሁት ነው።

እዚህ ያሉት የወሰኑት እንዲህ ነው። ቅዳሜ እንቀበልሻለን። ማንዴ የታለ ስትዪ ሮተርዳም ሥራ ላይ ነው፣ ነገ ይመጣል እንልሻለን። ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ይነግርሻል። ይህን ሁሉ እችላለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ጋሽ ገብረሥላሴ ሌላ ነገር ጨመሩ። «ድንገት አንድ ሌሊት አሞት ነው የሞተው ይባል። ዘጠኝ ቀን የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ» አሉኝ። እዚህ ላይ አቃተኝ።

ዘጠኝ ቀን ነው የታመመው፣ እትዬ። ከጥር 12 እስከ 20። ሦስት ቀን እዚህ ክፍላችን ውስጥ ተኛ፤ ጉንፋን ነው ብለን ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ገባ። በአምስተኛው ቀን እንዲህ አለኝ፦

«ይመኙን ጥራት።»

ለወይዘሮ ብዙወርቅ ስነግራቸው፣ «እንዴት ይደረጋል? ሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ታሟል ብለን እናስደንግጣት? ሦስት ቀን ያህል ነው፣ ይድናል፣ ያን ጊዜ ራሱ ይጽፍላታል» አሉ። ለክፋት አይደለም። እሳቸውም ጋሽ ገብረሥላሴም ሌሊት ሌሊት እየተፈራረቁ አጠገቡ ያደሩ ሰዎች ናቸው።

በማግሥቱ ደግሞ ጠየቀኝ። «ከሮም እዚህ ስንት ሰዓት ነው?» አለ። አላውቅም አልኩት። «ጂኦግራፊ ስምንት ታመጣ የለም እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ከትምህርት ቤት አትላስ ላይ በማስመሪያ ለካሁ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር። ሰዓቱን ደግሞ የጉዞ ቢሮ ገብቼ ጠየቅሁ። ሄጄ ነገርኩት።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ጋሼ።»

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ብቻ።»

«እንግዲያ ጠዋት ብትነሳ ለምሳ ትደርሳለች» አለ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርቱካን እንዳልበላው ነገረኝ፤ ለአንቺ ይቀመጥ ብሎ።

የሲኞራዋ ስልክ ቁጥር በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የሆስፒታሉ ስልክ ደረጃው ሥር ነው። ሁለት ጊዜ ወርጄ ቆሜ ተመለስኩ። ታላላቆቼ አትደውል ብለውኛል፤ ነገ ይሻለዋል ብለዋል፤ እኔም አመንኩ። ወይም ማመን ቀለለኝ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ደውዬላታለሁ፣ ትመጣለች አልኩት። ዋሸሁት። ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ያይ ነበር።

ቪዛሽ ያን ጊዜ አላለቀም ነበር። መጋቢት ላይ ስትጽፊልኝ ነው ያወቅሁት።

ሺፖል መጥተሽ በዓይንሽ እሱን ስትፈልጊ ላይሽ አልችልም። አውቀሽ ነይ። እስክትመጪ ሃያ ቀን ገደማ አለ። እዚያ ባሕር ዳር አልቅሺ። ስትመጪ ደግሞ እኔን ምቺኝ፤ ምንም አልልም።

ዓምደሚካኤል


መስከረም 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፤ ያልተላከ

እትዬ፣ ዛሬ ተመለስሽ። ከሺፖል ስንመለስ ወይዘሮ ብዙወርቅ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ይህን እየጻፍኩ ያለሁት እሳቸው ትከሻዬ ላይ ተደግፈው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከመስታወቱ በር ስትወጪ ሻንጣሽን ጥለሽ ሮጠሽ መጣሽ። እየሳቅሽ ነበር። አውቀሽ እንዳልመጣሽ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። «ማንዴስ? የት ተደበቀ?» አልሽ። ጋሽ ገብረሥላሴ ሮተርዳም ነው አሉሽ። «ይህ ባለጌ! ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው» አልሽ። ደብዳቤዬ የት ገባ እያልኩ አንቺን አቅፌ ቆሜ ነበር።

ባቡር ላይ ራስሽ ነገርሽኝ። የሲኞራዋ ባል ወገቡን ስላመመው ከአንዚዮ የተመለሳችሁት ነሐሴ 20 ነው። «የቀረ ደብዳቤ ካለ እያዞሩ ይልኩልኛል፤ የጣሊያን ፖስታ እንደ ኤሊ ነው» አልሽ። እኔ በመስኮት ላሞቹን አይ ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሲመጡ ነቅቼ ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ከአምስተልቨን ከተማ ሁሉ የመጡ ነበሩ፤ ጫማቸውን ደረጃው ላይ አውልቀው ነው የወጡት። ወይዘሮ ብዙወርቅ በቀኝሽ፣ ከመጡት አንዷ ተሻለች በግራሽ ተቀመጡ። ጋሽ ገብረሥላሴ ገና «ይመኙሻል ልጄ» ሲሉ አወቅሽ። ከላይ ያሉት የሱሪናም ሰዎች በጩኸቱ ወርደው መጡ፤ ነገሩ ሲገባቸው እነሱም በር ላይ ቆመው አለቀሱ። ደረትሽን ስትመቺ እጅሽን ይይዙሻል፣ ስትወድቂ ያነሱሻል። ጋሽ ገብረሥላሴ የነገሩኝን ያን ጊዜ አየሁት። ብቻሽን ብትሆኚ ኖሮ ማን እንደሚያነሳሽ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠየቅሽ። «ስንት ቀን ታመመ?»

«አንድ ሌሊት» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ።

ወደ እኔ ዞርሽ። «እውነት ነው፣ ዓምዴ?»

«እውነት ነው» አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አየሽኝ። ከዚያ «ተመስገን። ሳይጠራኝ ሄደ» አልሽ። በዚያች ሰዓት ነው መጀመሪያ የበላሽው። ዛሬ ስትሳፈሪም፣ «ይህችን ይዤ እሠራለሁ፤ ቢጠራኝ ኖሮ ግን አልችልም ነበር» አልሽኝ።

አንቺ አሁን አየር ላይ ነሽ። ደብዳቤው ደግሞ የት እንዳለ አላውቅም።


በፈጣን ፖስታ
ዴንሃግ፣ መስከረም 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ ይመኙሻል፣

በሰላም እንደገባሽ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ከአንዚዮ ዞሮ የሚመጣ የእኔ ደብዳቤ አለ። ነሐሴ 18 የተጻፈ ነው። እባክሽ ሳትከፍቺው አቃጥዪው። አሞኝ ትኩሳት ላይ ሆኜ የጻፍኩት ነው፤ ውስጡ ያለው እውነት አይደለም። በማንዴ አምላክ ይዤሻለሁ። ስለ እኔ ብለሽ አትክፈቺው።

ዓምደሚካኤል


ሮም፣ ጥቅምት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዓምዴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ነው የደረሱኝ። ፖርቲዬሬው አንድ ላይ አስሮ ሰጠኝ። ቀኑን አይቼ የቆየውን አስቀደምኩ። ሰው እንደዚያ ነው የሚያነበው፤ በቅደም ተከተል። የመጨረሻውን ባስቀድም ኖሮ አቃጥለው ነበር? አላውቅም። አይመስለኝም።

ማክሰኞ ማክሰኞ እየደወልክ የምትዘጋው አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ሲኞራዋ ሌባ ነው ብላ ፈርታለች። ተው።

እውነት አይደለም ብለህ ጽፈሃል። እንዳንተ መዋሸት የማይችል ልጅ አላየሁም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳይህ ዓይንህ ውስጥ ነበር፤ እኔ ነኝ ማየት ያልፈለግሁት።

አትቆጪኝ ብለህ አትለምነኝ፤ አልተቆጣሁም። ያኔ አሥራ አምስት ዓመትህ ነው። ታላላቆችህ አትደውል አሉህ፣ አልደወልክም። እነሱም ለእኔ አዝነው ነው። ሁሉም ሰው አዝኖልኛል። የምቆጣው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

የዚያን ጊዜውን ቀን መቁጠሪያ ከኩሽናው መሳቢያ አውጥቼ አየሁ፤ ሲኞራዋ የምግቡን ዝርዝር የምትጽፍበት ነው። እሱ በጠራኝ ቀን እኔ የብር ማንኪያ ስወለውል ውያለሁ። በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። የእኔ ቀን። እነ ውድነሽ ስላልነበሩ የምሄድበት አጥቼ አውቶቡስ ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ፤ ከዚያ በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ፓስፖርቴ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እዚህ ያለ ፓስፖርት አንወጣም። ቪዛው ላዩ ላይ ነበር።

ጎህ ሲቀድ የነገሩኝ ለቅሶ አልቋል። ያንን ከሰው ጋር አለቀስኩት፣ ወጣልኝ። ይህኛውን ግን ለማን ላልቅስ? ለውድነሽ ብነግራት፣ «ተነግሮሽ የለም እንዴ? በቃ፣ አበዛሽው» ትላለች። አንድ ሞት ሁለት ጊዜ አይረዱም። ሰው ጥሩልኝ ብል ምን ብዬ እጠራለሁ? የተኛሁባት ክፍል ከማጠቢያው ማሽን ጎን ናት። እሱ ሲሠራ አለቅሳለሁ፣ ሲቆም አቆማለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለጋሽ ገብረሥላሴና ለወይዘሮ ብዙወርቅ እንዳታነብላቸው። እነሱ አንድ ሌሊት ብለው ነግረውኛል፣ እኔም አምኛለሁ። እንደዚያ እንደሆነ ይቅር። ሰላምታ ስታቀርብላቸው እኔ እንደማቀርበው አድርገህ አቅርብ። እንዴት እንደሚደረግ ለምደሃል።

ወደዚያ ተመልሼ የምመጣ አይመስለኝም። መንገዱ ሩቅ ቢሆን እመጣ ነበር።

ትምህርትህን ተማር። ሹራብህን ልበስ። ለጊዜው ደግሞ አትጻፍልኝ፣ ወንድሜ። በፖስታው ላይ ጽሑፍህን ባየሁ ቁጥር የያዝኩት ከእጄ ያመልጠኛል፤ እዚህ ቤት ደግሞ የማጥበው ብርጭቆ ነው።

ይመኙሻል